ጅዳና የጎርፍ መንገዷ፦ በባሕር ጠረፍ ከተማ የዝናብ ውሃ መውረጃ ስለ መሥራት

በስደት ዓለም የጅዳን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ብሎ መናገር ያስቸግራል። ከፊሉ ሠርቶባታል፤ ከፊሉ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ወራት ቆይቶባታል፤ ከ2013 ወዲህ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲባረሩም ብዙዎቹ የተሸኙት በእርሷ በኩል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በቅንፍ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህች ከተማ ስትነሣ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ሙቀቷ፣ ወበቋ፣ የሐጅ ተጓዦች ብዛትና የወገኖቻችን ድካም እንጂ ጎርፍ አይደለም። በዓመት በአማካይ የምታገኘው ዝናብ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በነሐሴ ወር በአንድ ሳምንት ከምታገኘው ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለች ከተማ በውሃ ትጠፋለች ብሎ ማን ይገምታል?

ሆኖም ኖቬምበር 25 ቀን 2009 (ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም.)፣ የሐጅ ሥርዓት በሚጀመርበት ዕለት፣ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ከ70 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ። ከምሥራቅ ኮረብታዎች የተነሣው ጎርፍ መኪናዎችን እንደ ክብሪት ቀፎ እየደራረበ፣ ቤቶችን እየናደ ወደ ከተማዋ ገባ። ከ120 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሁሉ የከፋው ጥፋት የደረሰው በደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ቁወይዛ በተባለው ሰፈር ነበር። በዚያ ሰፈር አነስተኛ ሱቅ የነበረው ፋርማን አሊ ኻን የተባለ ፓኪስታናዊ ሠራተኛ ወደ ጎርፉ እየተመላለሰ 14 ሰዎችን ካወጣ በኋላ ሌላ ሰው ለማዳን ሲሞክር ሰጠመ። የሳዑዲ መንግሥት ከሞተ በኋላ በከፍተኛ ኒሻን አክብሮታል፤ በከተማዋም አንድ ጎዳና በስሙ ተሰይሟል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ብቻ የሚታወቅ ነው። የዝናብ መውረጃ ቦይና ቱቦ የከተማን ጎርፍ ሊቀንሱ ይችላሉ። ነገር ግን መሬት በካርታ ላይ ሲታደል የተሠራን ስሕተት ከመሬት በታች ሆነው ብቻቸውን ሊያርሙት አይችሉም። ጅዳ የሁለቱም ምስክር ናት።

፩ የመሬቱ አቀማመጥ

ጅዳ የተቆረቆረችው በቀይ ባሕርና በሒጃዝ ተራሮች መካከል በተዘረጋው፣ ቲሃማ በሚባለው ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። ከምሥራቅ ያሉት ኮረብታዎች እርቃናቸውን የቀሩ ድንጋዮች ናቸው፤ ውሃ የሚመጥ አፈርም፣ አፈር የሚይዝ ሥርም የላቸውም። በእነርሱ ላይ የወረደ ዝናብ ሳይዘገይ ወደ ሸለቆዎቹ ይሰበሰብና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ዐረቦች እነዚህን ሸለቆዎች ዋዲ ይሏቸዋል። የዋዲን ጠባይ የድሬዳዋ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚተኛ፣ ሰው የሚሻገርበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ አንድ ቀን ግን ደመናው በከተማው ላይ ሳይታይ ከላይ ሞልቶ የሚመጣ ወንዝ ነው።

የጥንቶቹ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ጅዳ በ647 በኸሊፋ ዑስማን ዘመን የመካ ወደብ ከሆነች በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ከባሕሩ አጠገብ በምትገኝ፣ በቅጥር በተከበበች ትንሽ ቦታ ተወስና ኖራለች። ቅጥሩ የፈረሰው በ1947 ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሜዳ የጎርፍ ቦታ ነበር፤ ሰው አይሠራበትም። እንዲያውም ነዋሪው ውሃ ይጠማው ስለነበር፣ በሜዳው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ወደ ጉድጓድ እየመራ ያጠራቅመውና ዓመቱን ሙሉ እየቀዳ ይሸጠው ነበር። ውሃው ብርቅ በሆነበት ዘመን ሰዎች መንገዱን አጥርተው ያውቁት ነበር ለማለት ይቻላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባሕር ውሃ የሚያጣራ መሣሪያ መጣ (ሕዝቡ «ከንዳሳ» ይለዋል፤ ቃሉ ከአውሮፓ የተወሰደ ነው)፤ ከዚያም በ1940ዎቹ መጨረሻ ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ ውሃ ገባ፤ በመጨረሻም ታላላቅ የባሕር ውሃ ማጣሪያዎች ተሠሩ። ከተማዋ ከዝናብ ጋር የነበራት ጉዳይ በዚህ አበቃ። ማጠራቀሚያዎቹ ተረሱ፤ ዋዲዎቹም አብረው ተረሱ።

፪ የአንድ ሚሊ ሜትር ዋጋ

በምድረ በዳ ከተማ የጎርፍ መውረጃ መሥራት ለገንዘብ ሚኒስትር ሲቀርብ የሚያስቅ ሐሳብ ነው። በዓመት አምስት ቀን እንኳ ለማይዘንብ ዝናብ ማን ቱቦ ይቀብራል? ስለዚህ ስሌቱን ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል፤ ሒሳብ የማይወድ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ሰባ ሚሊ ሜትር ሲሆን ሰባ ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም ሃያ ሜትር ኩብ በሚይዝ ቦቴ ቢጫን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ቦቴ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ጅዳ የሚያመሩት ሸለቆዎች ግን እያንዳንዳቸው ብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ አላቸው።

መሐንዲሱን የሚያስጨንቀው ጠቅላላው መጠን ሳይሆን ውሃው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ የሚያልፍበት ብዛት ነው፤ የቦዩ ስፋት የሚለካው በዚህ ነውና። ለትንንሽ ተፋሰሶች ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ አንድ ቀላል ስሌት አለ። የተፋሰሱ ስፋት፣ የዝናቡ ኃይል በሰዓት፣ እንዲሁም ከወረደው ዝናብ ውስጥ ሳይሰርግ በመሬቱ ላይ የሚፈሰው ድርሻ ይባዛሉ። ዐሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ተፋሰስ እንውሰድ፤ ዝናቡ በሰዓት 25 ሚሊ ሜትር ይሁን። መሬቱ አሸዋማ ሆኖ ከዝናቡ ሠላሳ በመቶ ብቻ ቢፈስ፣ በቦዩ የሚያልፈው በሰከንድ 21 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በዚያው መሬት ላይ አስፋልት፣ ሲሚንቶና ጣሪያ ለብሶበት ድርሻው ወደ ሰማንያ በመቶ ቢደርስ፣ 56 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ዝናቡ አልጨመረም፤ ተራራውም አልተለወጠም። ሌላም ነገር አለ፤ በአስፋልት ላይ ውሃ ስለሚፈጥን ከሩቅ ያለውና ከቅርብ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ ለከተማው የሚታሰበው ዝናብ የግማሽ ቀን አማካይ መሆኑ ይቀርና የጥቂት ደቂቃዎች ብርቱ ዶፍ ይሆናል፤ ቁጥሩም እንደገና ወደ ላይ ይወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ቦዩ ለየትኛው ዝናብ ይሠራ የሚለው ነው። በሙያው ቋንቋ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ሰው በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን በማንኛውም ዓመት የመምጣቱ ዕድል ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው በዋዲ ውስጥ ቤት ሠርቶ ሠላሳ ዓመት ቢኖር፣ ይህን ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየቱ ዕድል ከመቶ ሃያ ስድስት ነው። የሃምሳ ዓመቱን ጎርፍ የማየቱ ዕድል ደግሞ ከመቶ አርባ አምስት ይደርሳል። የመንገድ ዳር ቱቦዎች በአብዛኛው ዓለም የሚሠሩት ከሁለት እስከ ዐሥር ዓመት ለሚመጣ ዝናብ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን መሸከም ያለበት ግድቡ፣ ዋናው ቦይና ሳይሠራበት የተተወው መሬት ነው። ቱቦው ሲሞላ ውሃው የት ይሄዳል? ይህን ሳይጠይቅ የተነደፈ የመውረጃ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው።

የጅዳ ዝናብ ደግሞ በአማካይ የሚፈረድ አይደለም። በረሃማ አገር የዓመቱ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ሊጠፋ ይችላል። ስድሳ ሚሊ ሜትር የሚለው አማካይ ለከተማ ነዳፊ ከማስረዳት ይልቅ ያሳስታል።

፫ ካርታና መንገድ

በ1940ዎቹ መጨረሻ በጥቂት አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2009 ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። በነዳጅ ገንዘብ ዘመን ከተማዋ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም በባሕሩ ዳርቻ ተዘረጋች፤ ወደ ምሥራቅም ወደ ኮረብታዎቹ ተጠጋች። በዚህ መስፋፋት ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነገር ዋዲዎቹ በዐይን የሚታዩ መሆናቸው ነው። ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ያየ ሰው፣ ነጩ የአሸዋ መስመር ከተራራው ተነሥቶ ወደ ሰፈሮቹ ሲገባና እዚያ ሲጠፋ ይመለከታል። መስመሩ የጠፋው ውሃው ስለቀረ አይደለም።

በዋዲ ውስጥ ያለ መሬት ደልዳላ ነው፤ ለመቆፈር አይቸግርም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከጎርፉ በኋላ ንጉሥ ዐብዱላህ ባዘዙት ምርመራ፣ በመካ አውራጃ ገዥ በልዑል ኻሊድ አል ፈይሰል የሚመራ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር ከተገለጹት ነገሮች ዋነኛው፣ በጎርፍ መንገድ ላይ ያሉ ቦታዎች በይፋ ተሸንሽነው፣ ካርታ ተሰጥቷቸው መሸጣቸው ነበር። የቁወይዛ ሰዎች ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ናቸው ተብሎ ለማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በእጃቸው ወረቀት ነበራቸው። በርካታ የማዘጋጃ ቤት ባለሥልጣኖችና ነጋዴዎች ለፍርድ ቀረቡ፤ ከፊሎቹም በጉቦ ወንጀል ተፈረደባቸው። በዚያ አገር በሕዝብ ሥራ ላይ የተሠራ ስሕተት በአደባባይ ሲመረመር እምብዛም ያልታየ ነበርና፣ ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ዕንቅፋት መንገዱ ነው። ዋዲዎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ፤ የጅዳ ታላላቅ መንገዶች ደግሞ አብዛኞቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ከፍ ተደርጎ የተሠራ አውራ ጎዳና፣ ከሥሩ በቂ የውሃ ማሳለፊያ ከሌለው፣ ሳይታሰብ ግድብ ይሆናል። በምሥራቅ በኩል ያለው ሰፈር ባሕር ይሆናል፤ መንገዱ ሲጣስም ውሃው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ከመስቀለኛ መንገዶች ሥር የተቆፈሩት የመኪና መተላለፊያዎች ደግሞ በሜዳው ላይ ካለው ነገር ሁሉ ዝቅ ያሉ በመሆናቸው የመጀመሪያዎቹ ኩሬዎች እነርሱ ናቸው። መኪና ነድቶ ወደዚያ የወረደ ሰው የውሃውን ጥልቀት የሚያውቀው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው።

ከ2009 በፊት ጅዳ ፈጽሞ ቦይ አልነበራትም ማለት ስሕተት ነው። ጎርፍን ወደ ባሕር የሚወስዱ የሰሜንና የደቡብ ቦዮች፣ በምሥራቅም ውሃውን ወደ እነርሱ የሚያዞር ቦይ ነበሯት። ነገር ግን ከተማዋ እነዚህን ቦዮች አልፋ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ቦዮቹ ከኋላዋ ቀሩ። ጠባቂ ከበሩ ውጭ መቆም ሲገባው ከጓዳ እንደ ተቀመጠ ማለት ነው።

፬ ቱቦው ባሕሩን ሲያገኝ

የደጋ ከተማ መሐንዲስ አንድ ትልቅ ወዳጅ አለው፤ እርሱም ዳገት ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ስትወርድ ያላት ዝቅታ ከአንድ ሺህ ሜትር ብዙም አያንስም። በባሕር ጠረፍ ግን የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ናቸው። ውሃ በቱቦ ውስጥ በሰከንድ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ከሄደ የያዘውን አሸዋ መጣል ይጀምራል፤ አሸዋው የቱቦውን ሆድ ያጠበዋል፤ ቱቦው ሲጠብ ውሃው ይብስ ይዘገያል። በጅዳ ደግሞ ከዝናቡ ውጭ ነፋሱም አሸዋ ያመጣል። ከዝናብ እስከ ዝናብ ባሉት ደረቅ ወራት በመንገድ ዳር ያለውን የብረት ፍርግርግ የሚደፍነው ይኸው የነፋስ አሸዋ፣ ከላስቲክና ከወረቀት ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ነው። በከተማው ሥር ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ ቢኖር፣ መግቢያው ፍርግርግ ከተደፈነ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ባሕሩ ራሱ አለ። የቱቦው መውጫ ከባሕሩ ወለል በታች ከሆነ ውሃው እንዲወጣ ወደ ኋላ ያለው ከፍ ማለት አለበት፤ ይህም በጎዳናው ላይ ኩሬ ሆኖ ይታያል። በብዙ አገሮች ይህ የሚወሰነው በቀኑ የባሕር ሙላትና ጉድለት ነው፤ ጎርፉና ሙላቱ በአንድ ሰዓት ከተገናኙ ከተማው ይሰጥማል። በጅዳ አንጻር ያለው የቀይ ባሕር ዕለታዊ ሙላት በጣም አነስተኛ ነው፤ ይህ ዕድል ነው። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ የባሕሩ ወለል በክረምታቸው፣ ማለት ከኖቬምበር ጀምሮ፣ ከበጋው ይልቅ ከፍ ይላል፤ ዝናቡም የሚመጣው በእነዚሁ ወራት ነው። በዓለም ላይ የባሕር ወለል ቀስ በቀስ ከፍ እያለ መሄዱም ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። ስለዚህ በበጋ ተለክቶ የተነደፈ መውጫ በክረምት ሌላ መውጫ ነው።

ከምድሩ በታች ያለው ውሃም እንዲሁ አደገኛ ነው። በ2009 የከተማዋ አብዛኛው ክፍል የፍሳሽ መስመር አልነበረውም፤ የየቤቱ ፍሳሽ በጓሮ ጉድጓድ ይጠራቀም ነበር። ከጉድጓዶቹ የሚሰርገውና ከሚያንጠባጥቡት የውሃ ቧንቧዎች የሚፈሰው ተደምሮ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገው። ዝናብ በማይዘንብባት ከተማ ሕንጻዎች ከሥራቸው ይረጥቡ ነበር። አሸዋ ውሃ የሚመጠው ባዶ ቦታ ሲኖረው ነው፤ አስቀድሞ ከሞላ ግን ሠላሳ በመቶ ብለን ያሰብነው ድርሻ ውሸት ይሆናል።

ከየጉድጓዱ በቦቴ የሚመጠጠው ፍሳሽ ደግሞ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ለብዙ ዓመት በአንድ ሸለቆ ይደፋ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሐይቅ ሆነ። የጅዳ ሰው ይህን ሐይቅ በፌዝ «የምስክ ሐይቅ» ብሎ ሰየመው፤ ምስክ ማለት ከሽቱዎች ሁሉ የከበረው ነው። የ2009 ጎርፍ ሲመጣ ከሁሉ በላይ ያስፈራው ይህ ከከተማዋ በላይ የተንጠለጠለ ሐይቅ ግድቡን ጥሶ እንዳይወርድ ነበር። አልጣሰም። በኋላም በንጉሡ ትእዛዝ እንዲደርቅ ተደረገ። የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ ሁለት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚያስተዳድሯቸው ሁለት ልዩ ልዩ ጉዳዮች እንደሆኑ ለሚያስብ አስተዳደር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አንባቢ ምናልባት ጠፍጣፋ በሆነ ጠረፍ ለምን በፓምፕ አይወጣም ይል ይሆናል። ኒው ኦርሊንስ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የምትኖረው በፓምፕ ነው፤ የከተማዋ ብዙ ክፍል ከባሕር ወለል በታች ነውና ምርጫ የላትም። ነገር ግን ረግረጉ በፓምፕ ሲደርቅ አፈሩ እየተኮማተረ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ይበልጥ በሰመጠ ቁጥር ይበልጥ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ በማዕበል ቀን ከሚጠፉት ነገሮች የመጀመሪያው ነው። ለጅዳ መሬቱ ዳገት እስከ ሰጣት ድረስ በዳገቱ መጠቀም የተሻለ ነበር፤ የተደረገውም እንዲሁ ነው።

፭ የተሠራው ሥራና የ2022 ፈተና

ከመጀመሪያው ጎርፍ በኋላ ሥራው ገና በውይይት ላይ እንዳለ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 2011 ከ100 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ በጥቂት ሰዓቶች ወረደ። ኡም አል ኸይር የተባለው የአፈር ግድብ ተናደና ከሥሩ ያለውን ሰፈር አጥለቀለቀው፤ ቢያንስ ዐሥር ሰዎች ሞቱ። ከዚህ የሚገኘው የምሕንድስና ትምህርት ግልጽ ነው። ግድብ ውሃውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሲሞላ በደኅና የሚለቅበት ማፍሰሻና ከማፍሰሻው እስከ ባሕሩ የሚደርስ ቦይ ከሌለው፣ ከግድብ ይልቅ የታሰረ ጎርፍ ነው።

ከሁለተኛው ጥፋት በኋላ ሥራው ከተለመደው የማዘጋጃ ቤት መንገድ ወጥቶ ለሳዑዲ አራምኮ ተሰጠ። የነዳጅ ኩባንያ የጎርፍ ቦይ እንዲያሠራ መታዘዙ ለውጭ ሰው እንግዳ ይመስላል። በአገሪቱ ውስጥ ታላላቅ ሥራዎችን በጊዜያቸው የመጨረስ ልምድ ያለው መሥሪያ ቤት እርሱ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። የዕቅዱ ሐሳብ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ነው። ጎርፉ ገና ከሸለቆው ሳይወጣ በግድብ ይያዛል፤ ከግድቡ በልክ እየተለቀቀ በሲሚንቶ በተሠሩ ቦዮች በከተማዋ መካከል ወይም ዙሪያ ይሄዳል፤ አሮጌዎቹ ቦዮችም ይሰፋሉ። ለቦዩ መንገድ ለመክፈት በዋዲው ውስጥ የተሠሩ ቤቶች ይፈርሳሉ። ይህ የመጨረሻው በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ በተግባር ግን ከሲሚንቶው ሥራ ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2015 እና በ2017 ብርቱ ዝናብ ሲወርድ የመኪና መተላለፊያዎቹ እንደገና በውሃ ተሞሉ፤ ሕዝቡም ያን ሁሉ ገንዘብ የት አደረሳችሁት ብሎ ጠየቀ። ኖቬምበር 24 ቀን 2022 ደግሞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በደቡብ ጅዳ 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ከ2009ኙ የበለጠ መሆኑን አስታወቀ። የሦስት ዓመት ዝናብ በስድስት ሰዓት ማለት ነው። መንገዶች ወንዝ ሆኑ፤ መኪናዎች እርስ በርስ ተቆለሉ፤ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ለጊዜው ተዘጋ። የሞቱት ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ከ120 የሚበልጡ በአንዱ፣ ሁለት በሌላው። ይህን ቁጥር ይዞ «ቦዩ አዳነን» ማለት ፈታኝ ነው፤ ነገር ግን ሚዛኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2022 ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ተነግሮ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በ2009 እንዲህ አልነበረም። የዝናቡም ቦታ አንድ አይደለም፤ በከተማው ላይ የወረደ ዝናብና በተራራው ላይ የወረደ ዝናብ በአንድ ልክ አይገድሉም። በሌላ በኩል በ2009 ሰዉን የገደለው በመንገድ ላይ የተኛው ውሃ ሳይሆን ከዋዲው እየተምዘገዘገ የመጣው ነው፤ ግድቦቹና ቦዮቹ የተሠሩትም ለዚያ ውሃ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የላይኛው ሥራ ሕይወት አድኗል፤ የታችኛው ሥራ፣ ማለት የየሰፈሩ ትንንሽ ቱቦና ፍርግርግ፣ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ሕዝቡም የሚያየው የታችኛውን ነው። መኪናው የሰመጠበት ሰው ከከተማዋ ውጭ ያለውን ግድብ አያመሰግንም፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

፮ ሰፋሪውና ደቻቱ

ወጪና ትርፍ በሚመዘንበት ጊዜ ከሂሳቡ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ በዋዲ ውስጥ የሚኖረው ማን ነው? በ2009 ንጉሡ ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ አንድ ሚሊዮን ሪያል እንዲሰጥ አዝዘው ነበር፤ ትልቅ ልግስና ነው። ነገር ግን ካሳ የሚደርሰው ስሙ ለሚታወቅ ሟች ነው። ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ በሌላ ሰው ስም በተከራየ ክፍል የሚያድር ሰው ቢሞት ቤተሰቡ በምን ወረቀት ይጠይቃል? በ2021 እና በ2022 ከተማዋን እንደገና ለመሥራት ሲባል በርካታ የድሆች ሰፈሮች ሲፈርሱም (ምክንያቱ ጎርፍ ብቻ እንዳልነበረ መናገር ይገባል)፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደ ገለጸው የካሳው ደንብ የውጭ ዜጎችን አያካትትም ነበር። ከእነዚያ ሰፈሮች ነዋሪዎች እጅግ ብዙዎቹ ደግሞ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ቦይ ለመክፈት ሰው ማንሣት አንዳንድ ጊዜ ግድ ነው፤ የተነሣው ሰው ከዚህኛው ዋዲ ወጥቶ ወደ ሌላው ዋዲ እንዲሰፍር የሚያደርግ አሠራር ግን ጎርፉን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ስለ ጅዳ ይህን ያህል የጻፍነው ጉዳዩ የጎረቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። በኦገስት 2006 (በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ) ድሬዳዋ በሌሊት ተኝታ ሳለች ደቻቱ ከሐረርጌ ደጋ ሞልቶ መጣና ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ድሬዳዋ የባሕር ጠረፍ ከተማ አይደለችም፤ የተማርነው የመውጫውና የሙላቱ ሒሳብ አይመለከታትም። የቀረው ሁሉ ግን አንድ ነው፤ እርቃኑን የቀረ ተራራ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚተኛ አሸዋ፣ በአሸዋው ዳርና በአሸዋው ላይ ያረፈ ሰፈርና ገበያ፣ በሌሊት የሚመጣ ውሃ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ ውሃውን በመንገዱ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ውሃው የሚወለድበት ተፋሰስ ከከተማው አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ በሌላ ክልል ሥር ነው። ጅዳ ግድቦቿን በሸለቆው ራስ ላይ ለመሥራት ያስቻላት ሸለቆውም ከተማውም በአንድ የመካ አውራጃ ገዥ ሥር መሆናቸው ነው። በድሬዳዋ ከላይ ያለው እርከንና የዛፍ ተከላ የአንዱ፣ ከታች ያለው ግንብ የሌላው በጀት ነው። የውሃ መሐንዲሶቻችን በየአገሩ ተበትነው ስለ ታላቁ ወንዛችን ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ደቻቱ የሚጽፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

በጅዳ የዝናቡ ወራት ከመድረሳቸው በፊት ማዘጋጃ ቤቱ የፍርግርጎቹን አሸዋ ማስጠረግ፣ የቦዮቹን ደለል ማስወጣት፣ ከመተላለፊያዎቹ ሥር ያሉትን ፓምፖች መፈተሽ አለበት። ይህ ሥራ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ጋዜጣም አይጽፈውም። አካፋና መጥረጊያ ይዘው በቦዩ ውስጥ የሚወርዱት በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ሁለት ዓመት ዝናብ ሳይዘንብ ከቀረ ከበጀት ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰውም የእነርሱ ደመወዝ ነው።